የአስጎብኚው ወንበር

ወኪሉ አትንኩት፣ ሻዩን ወዲያ ገፍቶ፣
ከጣና ዳር ካፌ ወረቀት ዘርግቶ፦
«መዲናቸው ንጹሕ፣ አልጋው እንደ ደመና፣
መኪናችሁ ጥቁር፣ አስፋልቱም ቀና፤
ግን ያለ አስጎብኚ ከበር አይወጣም፣
ወታደርና ወረፋ ፎቶ አይነሣም፣
ከሐውልቱ ፊት ጎንበስ… ጥያቄ አይበዛም።»

አትንኩት ሲያነብ ድምፁ ፈራ ፈራ፣
ጠንከር ያለው ብቻ ዋጋውን ሲጠራ።

ሣቄ መጣ። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ
ዘጌ ሳመላልስ፣ እንግዶች ሲከፍሉ፣
«እዩ ፔሊካኑን!» እያልሁ እየጮህሁ፣
ከእምቦጩ በኩል እቀመጥ ነበርሁ፣
በሰፊ ጃንጥላ ሐይቁን እየጋረድሁ።

አልጋና ቁርሱን ለየሺወርቅ ንገራት፤
ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀህ ንገረኝ፦
መኪናው ውስጥ ስንገባ፣ አስጎብኚው ሰውዬ
የሚቀመጠው የት ነው?
ከግራ ወይስ ከቀኝ?