ግሬናሽ በአዳማ

ስሙን ሲነግረኝ ሂርጳ፣ ሳቄ አመለጠኝ፤
«ግሬናሽ» አለኝ፣ የመኪና ዕቃ መሰለኝ።
ከወይን እርሻው ወጥቶ፣ ጡረታ በያዘ በማግስቱ፣
ክንድ የማይሞላ ጭራሮ በእርጥብ ጆንያ፣ ይህ ነው ሽልማቱ።
ባጃጅ ውስጥ አቅፎት መጣ፣ እንደ አራስ ልጅ፤
ሒሳብ ከፍሎ ሲወርድ፣ ቆሜ ነበር ደጅ።

«ነፋስ ይወዳል» አለ፣ «ፀሐይን አይፈራም፤
ቢጠማ ዝም ይላል፣ እንደኔ አያወራም።»

አዳማ ደግሞ ነፋስ መች አጥታ ታውቃለች?
የሰጣሁትን ነጠላ ለጎረቤት ታደርሳለች፤
ማዶ ኮረብታው ላይ ነጫጭ ክንፍ ተክላ፣
ነፋሱን ትፈጫለች፣ መብራት ልትበላ።

በሦስተኛው ዓመት አፈራ፤ ግን ዘገየ፤
ሌላው ወይን ሲለቀም፣ የእኛው ገና ቆየ።
ቆዳው ስስ ነው፣ የዐይን ቆብ ያህላል፤
አጎበር አለበስነው፣ ወፉ መች ያስበላል!
ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ረገጥነው፣ እኔና ለሊሴ፤
ሦስት ቀን አለቀቀም ቀለሙ ከቀሚሴ።

ሲጣራ ግን ምን ሆነ? ፈዘዘ፣ ገረጣ፤
ከብርጭቆው በስተኋላ የሂርጳ ጣት ቁልጭ ብሎ ወጣ።
«ወይን ጠጅ» ይባላል መጋረጃው፣ ከረባቱ፤
ወይን ጠጁ ራሱ ግን ወይን ጠጅ አልሆነም፣ በቤቱ!

የለሊሴ መልስ ዕለት የአማች ወገን ቀመሰ፤
«ብርዝ ነው» ብለው ሳቁ፣ አንዱ ብርጭቆ መለሰ።
ሂርጳ ዝም።
እኔ ዝም።
በሦስተኛው ብርጭቆ ሳቂው ሁሉ ዝም።
ጅቡቲ ደርሶ መልስ የማይደክመው ሹፌር፣
መነሣት አቅቶት ተቀመጠ፣ ሲያፍር።

ዘንድሮ፣ መጋቢት ላይ፣ ሁለት ልጆች መጡ፤
ሜትር ዘረጉ፣ አጥሩን ለኩ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ።
ግድግዳው ላይ ምልክት አሰመሩ፣ በቀይ ቀለም፣
ያን የመሰለ ቀይ በእኛ ጠርሙስ ታይቶ አያውቅም።
ተንጠባጥቦ ወርዶ ግንዱ ሥር ደረቀ።
መንገዱ ይሰፋል አሉ። ይስፋ። ማን ይጠላል?
ግንዱ ግን ሁለት ክንድ ወደ አስፋልቱ ይገባል።

ትናንት ማታ ሂርጳ መቀሱን ስሎ ወጣ።
እርጥብ ጆንያ ጠየቀኝ። ሰጠሁት።
ማዶ በጨለማው ክንፎቹ ይዞራሉ፤
ጭራሮዎቹን ቆጠረ፤ አምስት ናቸው፤ አምስት ደጅ ይሻሉ።

ከመጨረሻው ጠርሙስ ግማሽ ግማሽ ጠጣን።
«ወይኔ!» አለ፣ ግንዱን ዳብሶ፤
የእኔ ወይን ማለቱ ይሁን፣ ወይስ ሆዱ ተላውሶ፣
አልጠየቅሁትም።
አጎበሩን አጠፍኩ።