ሃያ አንደኛው ክንድ

ከምሳ በኋላ ነው፣ ዘጠነኛ ሐ ክፍል፣
ጣራው በሮቢት ሐሩር ሲንቋቋ ሲቃጠል፤
«ዴልቭ» ብዬ ጻፍኩኝ በስባሪ ጠመኔ፣
ትርጉሙን ከመዝገብ ያመጣሁት እኔ።
«መረመረ» አልኩኝ፣ «በጥልቀት» አከልኩ፣
ደብተሩ ሁሉ ጻፈ፤ ላጠፋው ዳስተር ፈለግኩ።

ሉባባ ናት ያለች፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣
«ቲቸር፣ ሐኪምም እኮ ይመረምር የለም ወይ?
ፖሊስም ይመረምራል፣ ያውም በጥፊ፤
ይኼኛው የቱ ነው? ሰሚ ነው ገራፊ?»

አልመለስኩላትም።
ደወሉ አዳነኝ።

በአሥር ሰዓት ግን፣ ከማሽላው ማሳ ዳር፣
እግሬ ወደ አባቷ ጉድጓድ አፍ ወሰደኝ።
አሊጋዝ ከታች ነው፤ ሃያ ክንድ ዘልቋል፣
ከአፉ ላይ ሲታይ የቡጢ ያህል ሆኗል።
ገመዱን የያዘው ሙሄ፣ የእህቱ ልጅ፣
ቃል አይተነፍስም፣ ይስባል እንጅ።

«አሊጋዝ፣ ምን አለህ?» ብዬ ጮህኩ ወደ ታች፤
ድምፁ ዘግይታ፣ ቀዝቅዛ ወጣች፦

«ዝም ብሎ መቆፈር የጅብም ሥራ ነው፤
እኔ ስቆፍር ግን ጆሮዬን ጥዬ ነው።
ዋልካው ቀጣፊ ነው፣ ጠጠሩ ያመነታል፣
ነጩ ሸክላ ሲደርስ ትንሽ ይናገራል፤
ያኔ ዶማህን ትተህ በጥፍር ነው ነገሩ፣
ከቸኮልክበትማ ይናዳል ዳር ዳሩ።»

«ውኃስ?» አልኩት።
«ውኃማ
ሽታው አለ። ነገ። ከነገ ወዲያ። እንጃ።»

አንድ ጭብጥ ጭቃ በባልዲው ላከልኝ፤
አሸተትኩት። ዝናብ አይደለም፣
የቆየ ብረት ሸተተኝ።

በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ ጉድጓድ ሣልኩ፣
ግሱን ከነዶማው ወደ ታች ሰደድኩ፤
«ብቻውን አይወርድም፤ አየሽ ወይ ሉባባ፣
ኢንቱ የሚል ገመድ ወገቡ ላይ ሳይገባ።
ታሪክ ውስጥ፣ መዝገብ ውስጥ፣ የሞተ ሰው ዕዳ ውስጥ፤
ኪስ መፈተሽ ግን አይደለም፣
ለኪስ ሌላ ግስ አለ።»
ክፍሉ ሳቀ።
ሉባባ አልሳቀችም፤ ገመድ ታውቃለች።

ፈተናው ሐሙስ ነበር፤ ጥያቄ አሥራ ሦስት፣
ትርጉሙን ጻፉ የሚል፣ ነጥቡ ሁለት።
ሠላሳ ዘጠኝ ልጅ «መረመረ» አለ፣
ከነፊደል ግድፈቴ እየተከተለ።

የእሷ ቦታ ባዶ ነው። ዳሩ ላይ የአውራ ጣት፣
የነጭ ሸክላ አሻራ፤
ከሥሩ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«አባቴ ሲወጣ እነግርዎታለሁ።»

ቀይ እስክሪብቶዬን
ክዳኑን ሳልከፍት እስካሁን ይዣለሁ።