መቶ ስልሳ ሁለት

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ላይ ሳወጣ፣
እኔ ከወንበር አልወረድኩ፤ ሆዴ ብቻ ነው የወጣ።

ቫልፓራይሶ ላይ ነው ቤቴ፣ ዳገት ባሕር በሚያይበት፣
መንደሩ በብረት ሳጥን ወርዶ በሚወጣበት።
መዘውሩን ዘዋሪ እኔ፣ ኤቫሪስቶ ኪሎድራን፤
ኪሎው ከስሜ ይጀምራል፤ በምን አፌ ልካደው አሁን?

በሚያዝያ ገመዱ ላላ። መሐንዲስ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ፤
«ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጠፈ።
በዚያው ሳምንት ሐኪሟ ክንዴን በጨርቅ አስራ ነፋች፤
ቁጥሩን አይታ ዝም አለች፤ መነጽሯን አወለቀች።
«አባትህ ስንት ዓመት ኖሩ?» «ሃምሳ ሦስት።» «አንተስ?» «ሃምሳ።»
መስኮት መስኮቱን አየሁኝ፤ አንድ መርከብ ሲነሣ።

ወደ ቤቴ የቀረው መንገድ ደረጃው ነው፤ ቆጠርኩት፤
መቶ ስልሳ ሁለት። በአምስት ዕረፍት ጨረስኩት።
አርባኛው ላይ ጉልበቴ ዘይት እንዳጣ በር ጮኸ።
ሰማንያው ላይ ዶኛ ክሎሪንዳ ልብስ ስታሰጣ ብቅ ብላ፣
«ውሃ ይሻላል ወይስ ቄስ?» አለችኝ፣ ሳቋን ሳትከላ።

የኛ ሰፈር ዳቦ መንታ ነው፤ ሲቆርሱት አራት ይሆናል፤
ግማሹን ተውኩ፤ የተውኩት ግን
ቅቤ ተቀብቶ፣ ሌሊት በሕልሜ ይመጣል።
ልጄ ሚሬያ ስልኬ ላይ እርምጃ ቆጣሪ ጫነችልኝ፤
ልቤን ይቆጥራል፣ እንቅልፌን ይቆጥራል፤
የተውኩትን ዳቦ ግን አይቆጥርልኝ።

በሃያ ዓመቴ አንድ እራት ስዘል ቀበቶዬ ይላላል፤
በሃምሳ ግን ስብ የከረመ ተከራይ ነው፤
ውጣ ሲሉት ውል ያሳያል።
ከዘጠና ስድስት ተነሥቼ ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ደረስኩ፤
እዚያው ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ ሚዛን ስሰድብ ከረምኩ።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ባሕርን ከሰማይ ጋር ሲሰፋ፣
ዶን ባውዲሊዮን አገኘሁት፤ በሩን በከዘራ ሲገፋ።
ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣ መረብ ጠጋኝ የነበረ፤
ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ የቀረ።
«ኤቫሪስቶ፣ ቁልፉ የለህም? ለአንድ ጊዜ ብቻ» አለ።
ቁልፉማ ኪሴ ውስጥ ነበር። ገመዱ ነው የሌለ።

ጎንበስ አልኩ።
ሃምሳ ኪሎ አይሞላም፤ ኮቱ ግን ዝናብ ጠጥቷል፤
እጁ አንገቴ ላይ እንደ ራሰ ገመድ ተጠምጥሟል።
አርባኛው ላይ ጉልበቴ ጮኸ። ዝም በል አልኩት። እሺ አላለም።
ሰማንያው ላይ ክሎሪንዳ ወጣች፤ ያን ቀን አልሳቀችም።
መቶ አሥረኛው ላይ ሽማግሌው አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ፣
«አባትህ እዚህ ጋ ነበር» አለኝ፣ «የሚያርፈው።»
አልመለስኩም። ትንፋሼን ለቀሪው አስቀምጬዋለሁ።
አላረፍኩም።

በሩ ላይ ሳወርደው እግሬ እንደ አዲስ ጥጃ ተንቀጠቀጠ፤
እሱ ኪሱን ዳበሰና
የአሳንሰሩን ዋጋ፣ ሳንቲም ቆጥሮ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

በጥቅምት ገመዱ ተቀየረ። ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።
ሚዛኑ ዛሬም ሰማንያ ዘጠኝ ይላል፤ መሳደቡን ግን ተውኩ።
ማታ የመጨረሻውን ሰው አውጥቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣
በግራ በኩል እታጠፋለሁ፣ ቁልፌን ኪሴ ከትቼ።

«ተሠርቶ የለም እንዴ?» አለችኝ ክሎሪንዳ፣ ልብሷን እየሰበሰበች።
«እሱማ ተሠርቷል።»
«አንተስ?» ብላ ጠየቀች።
«እኔ ገና ነኝ» አልኩና
ሰማንያ አንደኛውን ረገጥኩ።