በግራ እጁ

ወረቀቱ ቢጫ፣ ጠርዙን ብል የበላው፣
በመነጽር ሲያዩት ገና ሕዝብ አለው፦
አደባባይ ሙሉ ባርኔጣና ሻሽ፣
ኪስ አውላቂ፣ ውሻ፣ ግፊያውን የማይሸሽ።
መሃሉ ላይ መድረክ፣ መድረኩ ላይ ደግሞ
የብር ዋንጫ ረድፍ፣ እንደ ሙሽራ ቆሞ።
በሁለት ቅርጫት ውስጥ ወረቀት ሞልቷል፤
ባንዱ ስም ተጠቅልሏል፣ ባንዱ ዕድል ተኝቷል።

ዓይኑን በጨርቅ ያሰሩት የሙት ልጅ ቀርቦ
ዕጣ ያወጣል፣ ግራ እጁን ስቦ።
ግራ?
መዳብ ላይ የሣሉት ሲታተም ይዞራል፤
ቀራጩ ዘንግቷል፣ ወይ ቸኩሎ ይሆናል።

ከግርጌው እንዲህ ይላል፦ «ጉልበት ለከዳቸው፣
ለሽማግሌ ወንዶች ቤት ልንሠራላቸው።»
ባለጠጋ መቶ ባንድ ፊርማ ቆርጧል፤
ድኻ ለአንዲቷ ለአራት ተዳብሏል፤
ከአራቱ አንዱ ደግሞ ጫማውን አሲዟል።

በዚያ ዘመን ታዲያ፣ በሆላንድ ወደብ፣
ስም ብቻ አልነበረም ከዕጣ ላይ የሚነበብ፤
ቆራጩ ከስሙ ሥር ሁለት ስንኝ ያክላል፣
ተራው ሲደርስለት አንባቢው ጮኾ ይላል።

ከምሰሶው ጥግ ሥር፣ ጥፍር የምታህል፣
አንዲት ሴት ቆማለች። ሦስት ጭረት ናት፦
አንዱ ለሻሿ፣
አንዱ ለወገቧ፣
አንዱ ለጥላዋ።
ስሟን የጻፈ የለም። እኔ ግን፣ ሳልጠየቅ፣
ማሪትገን አልኳት፤
ዓሣ ስትዘነጥል እጇ የማይደርቅ።
ስንኟንም ሰጠኋት፦
«ባሌን ባሕር ወስዶት፣ እጄን ጨው በላው፤
የብር ዋንጫ ባገኝ አተር ነው የምሞላው።»

አንባቢው ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ፤
ሳቅ ከጥግ እስከ ጥግ ባርኔጣውን ሳበ።
ያ የሹም ሰገነት፣ አዋጅ የለመደ፣
ለአንድ ትንፋሽ ያህል በሷ ቃል ነጎደ።
ከዚያ ልጁ ከሌላው ቅርጫት አወጣ።
ባዶ።

ዋንጫው ለሌላ ሆነ። ቤቱም፣ ከተሠራ፣
ሽማግሌ ወንድ እንጂ ባልቴት አይጠራ፤
ሳንቲሟ ከግንቡ አንድ ጡብ ሆኖ ይሆናል፣
እሷ ግን የት አረጀች? ማንስ ጠይቆ ያውቃል?

መነጽሬን ሳነሳ
ማሪትገን የለችም፤
ሦስት ጭረት ብቻ፣
ከውሻው በስተግራ፣
ወይም፣ በእውነቱ ከሆነ፣ በስተቀኝ።