ሆደ ሰፊ

ኩሊያፒቲያ ነው፣ ከሐዲዱ ኋላ፤
የቀለም ፋብሪካው በኮኮናት ጥላ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ዝናብ በቆርቆሮ
ጠጠር እየዘራ ይዟል እንጉርጉሮ።
ሱጂቫ ቆማለች ከሦስተኛው ጋን ሥር፣
በባትሪ መብራት ቫልቭ ስትቆጥር።

ጋኑ ብረት ነው፤ ሆዱ ግን ከሰል።
ከሰሉም ድሮ ውሃ ያቀፈ የኮኮናት ቅርፊት ነበረ፤
እሳት አየና፣ እንፋሎት ጠጣና፣ ሥጋው ተበሳስቶ
በምስር በምታህል ፍሬ ውስጥ የማይቆጠር ጓዳ ተከፈተ።
ሽማግሌው ፒያዳሳ እፍኝ ያነሣና
«ይቺን ብትዘረጊያት» ይላት ነበር፣
«የሩዝ ማሳዬን ታለብሰዋለች፣ ድንበሩም አይቀራት።»

ሆደ ሰፊ ማለት እንዲህ ያለው ነው።
የቀለሙን ትነት፣ የቶሉዊኑን ሽታ
ውጦ ዝም ይላል ከጧት እስከ ማታ።
ሆድ ይፍጀው ይባላል። ሆድ ግን አይፈጀውም፤
የገባበት ነገር ቀን ይጠብቃል እንጂ የትም አይሄድም፣
ትንሽ አየር እስኪያገኝ፣ ትንሽ ብልጭታ።

ስለዚህ ከሰልን ማናዘዝ ወግ አለው።
መጀመሪያ ናይትሮጅን፣ የማይነድ የማያነድ እንግዳ፣
አየሩን ገፍቶ ከሰሉን ብቻውን ያስቀረዋል ከነዕዳው።
ከዚያ እንፋሎት፤ ያሞቀዋል፣ ያባብለዋል፤
በየጓዳው የተሸሸገው ይላላል፣
በቀዝቃዛው ቧንቧ ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል፣ ጠብ… ጠብ…
ሆደ ሰፊው ጠቡን በጠብታ ያወጣል።
ከዚያ ማቀዝቀዝ። ከዚያ መጠበቅ።
ትኩስ ከሰል አየር ሲቀምስ አያስጠነቅቅም።

ስልኩ ጮኸ። ሚስተር ሄቲጎዳ፣ ከኮሎምቦ።
«ንጋት ላይ መኪናው ይደርሳል። ክዳኑን ክፈቱ። ስንት ይላል?»
መለኪያውን ከናሙናው ቀዳዳ አስጠጋች።
«ዜሮ ይላል።»
«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ቁልፉን አነሣች፤ ከመጀመሪያው ብሎን አጠለቀችው።
ዜሮ። ክብ፣ አረንጓዴ፣ ዐይኑን የማያርገበግብ።
በጣም ንጹሕ ነበር። ያ ነው ያስቆማት።
እናቷም ስለ አባቷ ሲጠይቋት
«ደህና ነው» የምትለው እንዲህ ነበር፣
ቶሎ፣ ሳትተነፍስ።

ሳትተነፍስ።

ቁልፉን አወጣች። መለኪያውን ገልብጣ አየችው።
በሆዱ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፣
ጋዝ ሲደርሳት የምትግል፣ በመጋሏም የምትናገር፤
ለመጋል ግን አየር ትሻለች።
ጋኑ ውስጥ አየር የለም፤ ሱጂቫ ራሷ ናት ያባረረችው።
ምስክሩን አፍና ይዛ «ምን አየህ?» ትለዋለች!
ዜሮው ባዶ አልነበረም። ዲዳ ነበር።

ሮጣ ከሣጥኑ ሌላውን አመጣች፣
በማይታይ ብርሃን የሚያየውን፣ አየር የማይለምነውን፣
ፒያዳሳ ጡረታ ሲወጣ በሳሮንግ ቁራጭ ጠቅልሎ የተወላትን።
ቁጥሩ ወጣ። ወጣ።
ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ፤
ነበልባል ለመወለድ ከሚሻው ከሲሶው በላይ።

እጇ የተንቀጠቀጠው ዘግይቶ ነው።
«አልከፍትም» አለች በስልኩ።
ሰውዬው ጮኸ፣ ስለ ደመወዝ አነሣ፣ ከዚያ ዝም አለ።
እንፋሎቱን እንደገና ለቀቀችው።

ዝናቡም አባራ፤ ወፍ ተንጫጫ፤ ነጋ፤
መኪናው ደረሰ፤ ሾፌሩ አዛጋ፤
ባዶው መጫኛ ላይ ተኛ ተዘርግቶ፣
ቧንቧው ጠብ ይላል፣ አንድ ይቆጥራል፣ ሁለት፣
የሚቸኩል ጠፍቶ።

እኩለ ቀን ላይ ቁጥሩ አንድ ሆነ፤ ብረቱም ለመዳፍ በረደ።
ያኔ ብቻ ብሎኖቹን ፈታች፣ ፊቷን አዙራ።
ክዳኑ ሲነሣ ማንም ጎንበስ አላለም፤
በጋኑ ደረት ላይ ቀለሙ የለቀቀ ስም አለና፦
ኒሃል።
ውስጡን ለማየት ነበር አንገቱን ያስገባው፣
ለአንድ ትንፋሽ ያህል።