ክር በከንፈር

«የአእምሮ ጥርስ ነው» አሉኝ፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ፤
እስከዛሬ ያለ አእምሮ ነው የኖርሁት በቤቴ?
ጥሩወርቅ ሳቀችብኝ፤ እኔም ልስቅ ብዬ
ሳልጨርሰው ቀረሁ፣ ጉንጬን እጄ ላይ ጥዬ።

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ቅዳሜ ገበያ፣
መኪናዬ የቆመው ከበርበሬው ጉያ።
ክሩን የማርሰው፣ ጫፉን የማሾለው፣
ጨርቅ እስካስተካክል መርፌ የምይዘው፣
ዐይኔ ከከዳኝ ወዲህ ውፍረት የምለየው
በታችኛዋ ከንፈሬ ነው።

ፒያሳ ያለው ሐኪም ራጁን ወደ መብራት አነሣና
«ሥሩ ነርቩን አቅፎታል፤ አያያዙ አያምርምና
ስንነቅል ከተነካ ከንፈርህ ይደነዝዛል፤
ወር ይሁን፣ ዓመት ይሁን፣ ዕድሜ ልክ፣ ማን ያውቃል?»
ቀጠለና ዋጋውን፦ አሥራ ስምንት ሺህ።
ሦስት መቶ ሱሪ ማሳጠር ነው። ሒሳቡን እዚያው ሠራሁ፤
ደረጃውን ስወርድ እንደገና ቆጠርሁ።

ማራኪ ላይ አንዱ «በሦስት ሺህ ነቅዬ ልጣላት» አለኝ፤
«ነርቩስ?» ብለው «እሱ የእግዜር ነው» ብሎ መለሰልኝ።
ጓንቱን ሳያጠልቅ ወጣሁ።
አንዱ «ባሕር ዳር» ይለኛል፣ አንዱ «አዲስ አበባ»፤
ኪሴም እንደ ጥርሴ ሌሊት ሌሊት ተባባ።
በቅርንፉድ ከረምሁ፣ በጨው ውሃ፣ በትዕግሥት፤
«ጥርስህን ነክሰህ ቻል» ይሉኛል፤ በየትኛው ልንከስበት?

አታለል ናት ያወጣችኝ፣ ቁልፍና ዚፕ ቸርቻሪዋ፤
የእቁብ ዕጣ ወጥቶላት፣ ሳይሞቅ በመዳፏ
ሰጠችኝ፤ «ሆስፒታል ሂድ፤ ተማሪ ነካኝ አትበል፤
ተማሪ ይፈራል፤ የፈራ እጅ ነርቭ አይቆርጥም» ስትል።

ሄድሁ። ካርድ ክፍሉ ተዘግቶ ነበር።
ሄድሁ። የራጁ መሣሪያ ተበላሽቶ ነበር።
በሦስተኛው የመድን ደብተሬ ማኅተም ጎደለው፤
የቀበሌው ሰውዬ ለቅሶ ሄዶ ነው።
በአራተኛው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተሰልፌ፣
ከፊቴ አሥራ አንድ ጉንጭ፣ እኔም የራሴን ታቅፌ።

ዶክተር ዝማም ትባላለች፤ ልጅ እግር፤ መምህሯ ከኋላዋ፤
እየሳለች ነገረችኝ፣ በእርሳስ፣ ከወረቀቷ፦
«ከድድ በላይ ያለው ዘውድ ይባላል፤ ዘውዱን እንቆርጣለን፤
ነርቩን ያቀፈውን ሥር እዚያው እንተዋለን።»
«ሥሩ አይጣላኝም?» አልሁ።
«ብዙውን ጊዜ ዝም ካሉት ዝም ይላል» አለች።
ሳቄ መጣ። ጎንደር ተወልጄ
ዘውድ ወርዶ ሥር ሲቀር ማየት ብርቄ ነው?
በየጠዋቱ በግንቡ ሥር አይደል የማልፈው።

መርፌው ገባ፤ ከንፈሬ ሞተች፤
የሌላ ሰው ይመስል ፊቴ ላይ ተንጠለጠለች።
መሣሪያዋ ስትዞር የራሴን መኪና ሰማሁ፤
ፔዳሉን ፍለጋ እግሬን አነቃነቅሁ።
በመጨረሻ ሰፋችኝ። ሁለት ጥልፍ፣ ጥቁር ክር።
በመስታወት አየሁት፤
ቋጠሮዋን ትንሽ አጥብቃዋለች እንጂ፣ ሥራዋ ያምር ነበር።

ስምንት መቶ ሰባ ብር። ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው።

ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጉንዳን እንደሄደ
ከአገጬ ጥግ አንድ ነገር እያሳከከኝ ወረደ።
«ጥሩዬ፣ ክር አምጪ።» በጨለማ፣ መብራት ጠፍቶ፣
ጫፉን ከንፈሬ ላይ አኖርሁት፣ ትንፋሼ ተገትቶ።
ቀጭን ነው።
ድርብ ነው።
አንዷ ዘለላ ከጫፉ ተተርትራለች፤
እሷን እንኳ ሳይቀር አወቀች።

ነገ የአታለልን ልጆች ለዩኒፎርም እለካለሁ፤
የእቁቧን ግማሽ በብር፣
ግማሹን በኮሌታና በእጅጌ እከፍላለሁ።