ውል

ውሉ ላይ ተጽፏል፣ አንቀጽ አሥራ አንድ፦
«ክፍሉን የሚለቅ ሰው፣ እንደ ተረከበው፣ ነጭ አድርጎት ይሂድ።»

ነሐሴ ነው። ሻርጃ። መብራቱ ተቆርጧል፤
መስኮቱ ቢከፈት፣ የባሕሩ ወበቅ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል።
ሁለት ጣሳ ነጭ፣ ሮለር፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፤
አንድ የቆመ መሰላል፣ አንድ የቆምኩ እኔ፣ አንድ ባዶ ቤት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ቀባሁኝ፤
«የዝሆን ጥርስ» አሉኝ፣ «የአሸዋ ጥላ»፣ «የዕንቁ ጭጋግ» አሉኝ፤
ነጭ ብቻውን ሠላሳ ስም እንዳለው፣ እዚህ ነው ያወቅሁኝ።
«ይህን ልጅ ቀለም አይዘልቀውም» ብሎ ነበር መምህሬ፤
ይኸው እንጀራዬን እበላበታለሁ፣ ቀለም በባልዲ ቆጥሬ።

ይችን ክፍል ግን የቀባናት በጭላጭ፤
ከየቪላው ጣሳ ሥር የተረፈ ሰማያዊ፣ የደረቀ አረንጓዴ፣ የማይረባ ነጭ።
ሉባባ በእንጨት ማማሰያ፣ እንደ ገንፎ አዟዟረችው፤
«ስሙ ማን ይባል?» ብላት፣ ቀና ሳትል፣ «የኛ» አለችው።
የባሕርም አይደል፣ የሣርም አይደል፤
ጧት ወደ ባሕሩ፣ ማታ ወደ ሣሩ፣ ትንሽ የሚያዘነብል።

የኢቃማ ማደሻው፣ የትምህርት ቤቱ፣ ኪራዩ ሲደመር፣
ደመወዜ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነበር የሚያሻግር።
በሰኔ ወደ ኮምቦልቻ ገቡ፤ እኔ ዛሬ ማታ ወደ አልጋ ኪራይ፤
ስድስት ሰው ያለበት ክፍል፣ የላይኛው አልጋ፣ ከጣሪያው በስንዝር በታች፣ ያለ ሰማይ።

መጀመሪያ ምስማሩን ነቀልኩ፣ የቀን መቁጠሪያው የተሰቀለበትን፤
በስቱኮ ደፈንኩና በአውራ ጣቴ ዳበስኩት ቀዳዳውን።
ከምድጃው በላይ ሉባባ ስታቁላላ የተረጨው
የዘይት ነጠብጣብ ነበረ፤ በሳሙና አሸሁት። እጄ ላይ ሽንኩርት ሸተተኝ፣ ግድግዳው ሲለቀው።
ብርጭቆ ወረቀቱ አቧራ አነሣ፤ ዋጥኩት።

ከዚያ ነጩ። ሮለሩ ሲንከባለል ድምፁ ይጣበቃል፤
ልጅ ከመታጠቢያ ወጥታ፣ በእርጥብ እግሯ ሰድሩ ላይ የምትሮጥ ይመስላል።
አንድ ጊዜ ቀባሁ። «የኛ» ብቅ አለ።
ሁለተኛ ቀባሁ። ከሥር፣ እንደ ደም ሥር፣ ሳስቶ ነው እንጂ፣ አለ።
ሦስተኛውን ስቀባ ላቤ ጣሳው ውስጥ ይንጠባጠባል፤
ውሉ ነጭ ይላል፤ እኔን «የኛ» ውል ይለኛል።

በሩን ዞሬ ስዘጋ፣ ከኋላው፣ ከማጠፊያው ጎን፣
አራት የእርሳስ መስመር፤ የረምላ ቁመት፣ በየረመዳኑ መግቢያ የለካነውን።
የላይኛው ላይ ተረከዟን አንሥታለች፤ ግማሽ ጣት ውሸት አለበት፤
ይሁን። ስልክ መልክ ያሳያል እንጂ፣ ቁመት አይለካበት።
ሮለሩን አነሣሁ።
ነጭ እግሬ ላይ ተንጠባጠበ።
አወረድኩት።

ከመግሪብ በኋላ ኮያ መጣ፣ የሕንፃው ዘበኛ፣
የኬረላ ሰው፣ የሁሉን ቤት ቁልፍ ታጥቆ፣ ደረጃ ሥር የሚተኛ።
በስልኩ መብራት ግድግዳውን ዳሰሰ፤
ጣሪያውን፣ ማዕዘኑን፣ የምስማሩን ቦታ፤ «ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ» እያለ ጨረሰ።
በሩን ገፋ። ብርሃኑ ቆመ።
ጣቱ ከታች ወደ ላይ፣ መስመር በመስመር አዘገመ፤
ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ከገዛ ጭኑ ጋር አስተያይቶ ለካ፤
«የእኔዋ ስመጣ ይህን ታህል ነበር» አለ በተሰባበረ ዐረብኛ፤ ሌላ ነገር አልነካ።
በሩን መልሶ ከፍቶ ከግድግዳው ጋር ገጠመው፤
ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ «ሁሉም ነጭ» ብሎ ፈረመው።

ቁልፉን ሰጠሁት። ግማሽ ጣሳ ተርፎኝ ነበር፤ ደረጃው ሥር ተውኩለት፤
እዚያ ግድግዳው ቆሽሿል። ከፈለገ ጭላጭ ይጨምርበት፤
ስሙን እሱ ያውጣለት።